በባቦጋያ ሐይቅ የታየች አንዲት ዳክዬ፦ የልየታ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በቢሾፍቱ ከተማ የሚገኝ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ አባላት በባቦጋያ ሐይቅ ላይ አንዲት ቡናማ ዳክዬ አዩ። ማንነቷ እስኪረጋገጥ ድረስ ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ የተደረሰበት ስም ማኮዋ ዳክዬ ነው። ይህች ዝርያ ለቢሾፍቱ ሐይቆች ፈጽሞ እንግዳ አይደለችም፤ ከዚህ ቀደም በአካባቢው የመዘገቧት የወፍ ተመልካቾች አሉ። ነገር ግን በቁጥር ጥቂት ናት፤ በአፍሪካ ያላት ብዛትም እየቀነሰ ሄዷል። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ ስጋት ካንዣበበባቸው ወፎች ጋር ተመዝግባ ትገኛለች።

ይህን የምጽፈው ክበቡን የማግዝ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ወፏ ብርቅ መሆኗ ደስ ያሰኛል፤ መጻፍ ያለበት ግን ስሟ የተደረሰበት መንገድ ነው። በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። የሚመዘግቧቸው ሰዎች ግን በጣም ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ለጥቂት ቀናት መጥተው የሚመለሱ እንግዶች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ሐይቁን የሚያዩት ተማሪዎች፣ ዓሣ አጥማጆችና የሎጅ ሠራተኞች ናቸው። እነሱ ያዩት ነገር በአግባቡ ከተጻፈ ማንም ባለሙያ በአጭር ጉብኝት የማያገኘው መረጃ ይሆናል። ካልተጻፈ ደግሞ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የረዳንንም ያልረዳንንም እንዳለ አስቀምጣለሁ። የሰዎቹ ስም አልተጠቀሰም።

ቦታው

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ካሉት ሐይቆች አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ውሃ ሞልቷቸው የተፈጠሩ ናቸው። ሖራ አርሰዲ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ፣ ኪሎሌና አረንጓዴ ሐይቅ ከእነዚህ ይመደባሉ። ኩሪፍቱ ሰው ሠራሽ ነው። ጨለለቃ ደግሞ ጥልቀት የሌለው፣ በክረምት የሚሞላ በበጋ የሚጎድል ረግረግ ነው።

ይህ ልዩነት ለጉዳያችን ወሳኝ ነበር። ፍንዳታ የፈጠረው ሐይቅ ዳርቻው ገደላማ ነው፤ ከዳር ጥቂት እንደተራመዱ ውሃው ይጠልቃል። እየጠለቀች ከሐይቁ ወለል ምግብ የምትለቅም ዳክዬ የምትሠራበት ስፍራ ፊላውና ደንገሉ ያለበት ጠባብ ዳርቻ ብቻ ነው። ቆሮሶም ለመራባት ወደዚያው ጥልቀት የሌለው ውሃ ስለሚመጣ የዓሣ አጥማጆች መረብ የሚዘረጋው እዚያው ነው። ወፍ ፈላጊውም ዓሣ ፈላጊውም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው።

በባቦጋያ ዘወትር በብዛት የሚታዩት የውሃ ወፎች ኩትና ትንሹ ግሪብ ናቸው። ኩት ሰውነቷ ጥቁር፣ ምንቃሯና ግንባሯ ነጭ፣ ዶሮ የምታክል ወፍ ናት። ግሪብ ከሷ በጣም ታንሳለች፤ ምንቃሯ ቀጭንና ሹል፣ ጅራቷ የለም በሚባል ደረጃ አጭር ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ድረስ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎች ይቀላቀላሉ። በነዚህ ወራት ቡናማ ዳክዬ ያየ ሰው ሊያስብባቸው የሚገቡ ዝርያዎች ቁጥር በአንድ ጊዜ ይበዛል።

ችግሩ

ወሩ ኅዳር ነበር። አባላቱ እንደልማዳቸው በጠዋት ሐይቁ ዳር ወፍ ሲቆጥሩ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በኩቶቹ መካከል ከነሱ ያልሆነች ወፍ አየች። ፊላው ጥግ ላይ ምንቃሯን በጀርባዋ ላባ ውስጥ ቀብራ የተኛች ቡናማ ዳክዬ ነበረች። ርቀቱ ከመቶ ሜትር ይበልጣል። የቆምነው በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ስለሆነ ፀሐይ ከፊታችን ነበረች፤ ውሃው ያንጸባርቃል፣ የወፉ ቀለም ሁሉ ወደ ጥቁርነት ይሄዳል።

ወዲያው ሦስት ስሞች ተሰነዘሩ። አንዱ ተማሪ ሴቴ ደቡባዊ ፖቻርድ ናት አለ። ይህች ዳክዬ በቢሾፍቱ ሐይቆች የምትታወቅ ስለሆነች ግምቱ ምክንያት ነበረው። ሌላዋ ተለቅ ያለች ግሪብ ናት አለች። ሦስተኛው ገና ያልጎረመሰች ኩት ናት ብሎ ተከራከረ። በስልክ ፎቶ ተነሣ፤ ሲጎላ ብዥ ያለ ቡናማ ነጠብጣብ ሆነ። ፎቶውን ለአንድ የወፍ መለያ መተግበሪያ ሲሰጡት ያለ ምንም ማመንታት ፖቻርድ ብሎ መለሰ። እንዲህ ዓይነት መተግበሪያ በቦታውና በወቅቱ በብዛት የሚታዩትን ወፎች ስለሚያስቀድም፣ ብዥ ያለ ፎቶ ሲቀርብለት ወደ ተለመደው ማዘንበሉ የሚጠበቅ ነው።

የፎቶው ብዥታ ግን ትንሹ ችግር ነበር። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ተሰብስበን የታየውን ስንጽፍ ፖቻርድ ያለው ልጅ ከወፏ ዓይን ኋላ ጎበጥ ያለ ነጭ መስመር ማየቱን ተናገረ። ይህ የሴቴ ፖቻርድ መለያ ምልክት ነው። ወፏ ግን ጭንቅላቷን ቀብራ ስለነበር ከዓይኗ ኋላ ያለውን ማንም ሊያይ አይችልም ነበር። ልጁ አልዋሸም። መጽሐፉን ከፍቶ ሥዕሉን ስላየ ሥዕሉ ከትዝታው ጋር ተቀላቅሎበታል። ጓደኞቹም ላይ በመጠኑ የታየው ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ የሰጠውን ስም የሚደግፍ ምልክት ማስታወስ ጀምሯል። ጉዳዩን ለመመዝገብ የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው። ወፏ ምንም ትሁን ምን፣ እንዲህ ባለ አካሄድ የምንጽፈው መዝገብ እንደማይታመን ግልጽ ሆነልኝ።

መግለጫ ከስም በፊት

በሚቀጥለው ጉብኝት አንድ ደንብ ወጣ። መጽሐፉም ስልኩም ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ተማሪ ከሌላው ተለይቶ ይቀመጥና ሳይነጋገር ይጽፋል። የሚጻፈው በተወሰኑ ርእሶች ሥር ነው፦ ሰዓቱ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች፣ አጠገቧ ያለው ወፍ፣ ጭንቅላት፣ ምንቃር፣ አካል፣ ጅራት፣ ምን እያደረገች እንደሆነ፣ በመጨረሻም ያልታየው ነገር። የመቆሚያ ቦታችንንም ቀየርን። ጠዋት በምሥራቁ ዳርቻ ከተቆመ ፀሐይ ከጀርባ ስለምትሆን ቀለም ይለያል። ዳክዬዋ እዚያው ፊላ አካባቢ ነበረች።

ወፏን መጀመሪያ ያየችው ተማሪ የጻፈችውን እንዳለ እጠቅሳለሁ፤ ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ የተሻለው ሰነድ ይህ ነው።

«ፀሐይ ከጀርባዬ። ከኩት ጋር ጎን ለጎን። ጭንቅላቷ ትልቅ፣ አንገቷ አጭርና ወፍራም። ከዓይኗ በላይ ያለው በሙሉ ጥቁር ቡናማ። ከዓይኗ ሥር፣ ከምንቃሯ ተነሥቶ ወደ ማጅራቷ የሚሄድ ፈዛዛ መስመር። ከሥሩ ሌላ ጠቆር ያለ መስመር። ከዚያ በታች ጉሮሮዋ እንደገና ፈዛዛ። ምንቃሯ ግራጫ፣ ከግንባሯ የሚገናኝበት ወፍራም፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ። ዓይኗ ጥቁር ይመስለኛል፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ጅራት አላየሁም።»

ደብተሮቹ ሲነጻጸሩ በፊቷ መስመሮች ላይ ሁሉም ተስማሙ። በመጠኗ ላይ ግን አንዱ ከኩት ትበልጣለች፣ ሌላው ታንሳለች ብሎ ጽፏል። ይህ አያስገርምም፤ ጠላቂ ዳክዬ ስታርፍ ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች፣ ለመጥለቅ ስትዘጋጅ ላባዋን ጨምቃ ግማሽ አካሏ ውሃ ውስጥ ይገባል። መጠን ላይ ብዙ አልተማመንንም።

ይበልጥ ያከራከረው ጅራቷ ነበር። ሁለት ተማሪዎች ጅራቷ ወደ ላይ እንደቆመ፣ ላባዎቹም ተነጣጥለው እንደ ጭራሮ እንደሚታዩ ጽፈዋል። ሌሎቹ ጅራት የሚባል ነገር አላዩም። አንደኛው ወገን ተሳስቷል ሊባል ነበር። ነገር ግን ሁሉም ሰዓትና ድርጊት ጽፈው ስለነበር መልሱ እዚያው ደብተሩ ውስጥ ተገኘ። ጅራቱን ያዩት ወፏ ከውሃው ወጥታ እንደገና እስክትጠልቅ በምትዋኝበት ደቂቃ ነው፤ ያላዩት ደግሞ ስታንቀላፋ ነው። ስታርፍ ጅራቷ በውሃው ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ያለ ሰዓቱ ቢጻፍ ኖሮ ግን አንዱን መጣል ግድ ይሆን ነበር፤ የሚጣለውም ምናልባት ዋናው ማስረጃ ይሆን ነበር።

ከዓሣ አጥማጁ የተገኘው

በዚያው ጠዋት አንድ በዕድሜ የገፉ ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን ሰብስበው ጀልባቸውን ሲያወጡ ተማሪዋ ቀርባ ጠየቀቻቸው። «አባባ፣ ያቺን ፊላው ሥር ያለችውን ዳክዬ ያውቋታል?»

«እንዴት አላውቃትም ልጄ» አሉ። «ጥቁሯ ወፍ ለመጥለቅ መጀመሪያ ትዘላለች። ይህቺ አትዘልም፤ ባለችበት ዝም ብላ ትሰምጣለች። ብታባርሪያትም አትበርም፣ ትጠልቃለች። ለዚህ ነው መረብ የሚይዛት። ሞታ ያወጣሁበት ጊዜ አለ።»

ኩት ስትጠልቅ ወደ ላይ ነጠር ብላ በጭንቅላቷ እንደምትገባ ሁላችንም ብዙ ጊዜ አይተናል፤ ልብ ያልነው ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ በባይኖኩላር ስንከታተል ያሉት ልክ ሆነ። ዳክዬዋ ጥቂት ክብ ሞገድ ብቻ ትታ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ስትወጣም ድምፅ የላትም።

የእኚህን ሰው ቃል የተጠቀምንበት እንዴት እንደሆነ መግለጽ ተገቢ ነው። ስም አልጠየቅናቸውም፤ የጠየቅናቸው ወፏ ምን እንደምታደርግ ነው። ሐይቁ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው የወፍን ጠባይ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ያለውንም ቆሞ በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። ስለ መረቡ የነገሩን ነገር ደግሞ ከልየታው አልፎ ሌላ ጉዳይ ከፈተ፤ እመለስበታለሁ።

በጀልባ ለመቅረብ የተደረገው ሙከራ

የተሻለ ፎቶ ለማግኘት በቀዛፊ ጀልባ ወደ ፊላው ለመጠጋት ተሞከረ። አልሆነም። ዳክዬዋ ጀልባው ገና ሩቅ ሳለ ጠለቀች፤ ከዚያ ፊላው ውስጥ ገብታ ቀኑን ሙሉ አልታየችም። በዚያ ቀን የጠፋው የእኛ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ወፏም የመመገቢያ ሰዓቷን አጥታለች። ቁጥሩ ጥቂት የሆነን ወፍ ስሙን ለማወቅ ብሎ ማሳደድ ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ምናልባት ጎጆ ያላት ብትሆንስ? በጀልባ መቅረብ ከዚያ ወዲያ ተከልክሏል።

ፎቶ የተገኘው በቀላል ዘዴ ነው። ባይኖኩላሩ በግንብ ላይ ተደግፎ፣ የስልኩ ካሜራ በባይኖኩላሩ መመልከቻ ላይ ተጠግቶ ተነሣ። ፎቶው የላባዋን ዝርዝር አያሳይም። የጭንቅላቷን ቅርጽ፣ የምንቃሯን አወራረድና ቀጥ ብሎ የቆመውን ጅራት ግን በግልጽ ያሳያል።

ክንፉን መጠበቅ

መግለጫው ከተሟላ በኋላ መጽሐፉ ተከፈተ። አሠራራችን የምትመስለውን መፈለግ ሳይሆን ልትሆን የምትችለውን ሁሉ ዘርዝሮ አንድ በአንድ ማስወገድ ነበር።

ግሪብ ቀድማ ወጣች፤ ምንቃሯ ሹል፣ ጅራቷ የሌለ ነው። ኩትም እንዲሁ፤ ያልጎረመሰችው ኩት ብትገረጣም የዳክዬ ሰፊ ምንቃር የላትም። ጀርባ ነጭ የምትባለው ዳክዬ አሳሳቢ ነበረች፤ እሷም ትጠልቃለች፣ አንገቷም ወፍራም ነው። ነገር ግን በምንቃሯ ሥር ጎላ ያለ ነጭ ነጥብ አላት፤ ጅራቷም አይቆምም። ከአውሮፓና ከእስያ ከሚመጡት መካከል ሴቴዎቻቸው ቡናማ የሆኑ ጠላቂ ዳክዬዎች አሉ፤ እነሱም በክንፋቸው ላይ ነጭ ወይም ፈዛዛ መስመር ይታይባቸዋል፣ በፊታቸው ላይም እንዲህ የተደረደሩ መስመሮች የሉም።

በመጨረሻ የቀሩት ሁለት ናቸው፦ ደቡባዊ ፖቻርድና ማኮዋ። የፊቷ መስመሮችና ጅራቷ ወደ ማኮዋ ይመራሉ። ቢሆንም ብርሃንና ርቀት ፊት ላይ ያለውን ምልክት ሊያጣምሙት ይችላሉ። የማያሻማው ልዩነት ክንፉ ላይ ነው። ፖቻርድ ክንፏን ስትዘረጋ ከላይ በኩል ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ደማቅ ነጭ መስመር አላት። የማኮዋ ክንፍ ከላይ ሲታይ ያለ ምንም መስመር ጥቁር ቡናማ ነው።

ይህን ለማየት ወፏ እንድትበር ማስገደድ አያስፈልግም ነበር፤ ዓሣ አጥማጁ እንዳሉትም ብትባረር አትበርም። ማኮዋ ከውሃ ለመነሣት ረጅም ርቀት መንደርደር ስለሚያስፈልጋት ቀን ላይ እምብዛም አትበርም። ይሁንና ማንኛዋም ዳክዬ ታጥባና ላባዋን አስተካክላ ስትጨርስ ውሃው ላይ ቀጥ ብላ ክንፏን ታራግባለች። ስለዚህ ሁለት ተማሪዎች እየተፈራረቁ ባይኖኩላር ሳያነሡ ተቀመጡ። መጠበቁ አሰልቺ ነው፤ መኝታዋ ብዙ ነው። አንድ ጠዋት ላባዋን ስትነካካ ቆይታ ተነሣችና ክንፏን አራገበች። ሁለት ሰከንድ ያህል ቢሆን ነው። ሁለቱም ያዩትን ለየብቻ ጻፉ፦ ነጭ መስመር የለም። በዚያው ሰዓት ወዲያ ማዶ የነበሩ ፖቻርዶች ሲነሡ የክንፋቸው ነጭ መስመር በዓይን ብቻ ይታይ ነበር፤ ማነጻጸሪያው በአንድ ብርሃንና በአንድ ሐይቅ ላይ ተገኘ።

የባለሙያው ጥያቄዎች

ደብተሮቹና ፎቶዎቹ በውሃ ወፎች ላይ ለረጅም ጊዜ ለሠሩ አንድ ባለሙያ ተላኩ። የእኛን ድምዳሜ ሆን ብለን አልጻፍንም። እሳቸውም ስም ከመናገራቸው በፊት መልሰው ጠየቁን። ነጭ መስመር የለም ያላችሁት በክንፉ የላይኛው ገጽ ነው ወይስ የታችኛው? ክንፏን ስታራግብ ፊቷ ወደ እናንተ ነበር ወይስ ጀርባዋ? ፎቶውና የክንፉ ምልከታ የአንድ ወፍ ለመሆናቸው ምን ማረጋገጫ አላችሁ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ከባድ ነበር። ዳክዬ ፊቷን አዙራ ክንፏን ስታራግብ የሚታየው የታችኛው ገጽ ነው፤ መለያው ያለው ደግሞ ላይኛው ላይ ነው። አንደኛው ደብተር የትኛውን ገጽ እንዳየ አልገለጸም። ሁለተኛው ግን «ጀርባዋን ሰጥታን» የሚል ቃል ነበረው። የልየታው ክብደት ያረፈው በዚያች አጭር ሐረግ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ባለሙያው ማኮዋ መሆኗን ተቀበሉ፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አክለዋል። በርባታ ወቅት ያለ ወንዴ ማኮዋ አይሳትም፦ ሰውነቱ ቀይ ቡናማ፣ ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ምንቃሩ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ከርባታ ወቅት ውጭ ግን ቀለሙን ጥሎ ሴቴዋን ይመስላል። ያልጎረመሱትም ሴቴ ይመስላሉ። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ሴቴ ብለን እንዳንጽፍ፣ «ሴቴ መሰል» እንድንል መከሩን። እንዲሁ ተጻፈ፦ ማኮዋ ዳክዬ፣ አንድ፣ ሴቴ መሰል፣ ባቦጋያ፣ ከነቀኑና ከነመግለጫው። መረጃው በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ ለሚካሄደው የአፍሪካ የውሃ ወፎች ቆጠራ አስተባባሪዎች ተላልፏል።

መረቡ

ማኮዋ የምትመገበው በሐይቁ ወለል ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ የትንኝ መሰል ነፍሳት እጮችንና ሌሎች ትንንሽ ፍጥረታትን ነው። ሥራዋ በሙሉ ከውሃ በታች ስለሆነ የመረብ አደጋ በተለይ እሷን ያገኛታል፤ መረብ ውስጥ ገብቶ መስጠም ለዚህ ዝርያ ከተመዘገቡት አደጋዎች አንዱ ነው። ወፏን ለይቶ ስሟን ጽፎ መሄድ ለእኔ በቂ አልሆነልኝም።

ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ተነጋገርን። ጥያቄያችን ትንሽ ነበር፦ ዳክዬዋ ከምትውልበት የፊላ ጥግ መረቡን ጥቂት ፈቀቅ ማድረግ፣ ማታ የተዘረጋውንም ጎህ ሲቀድ ማንሣት። አንዳንዶቹ ተስማሙ። ሌሎቹ አልተስማሙም፤ ምክንያታቸውም እውነት ነው፤ ቆሮሶው የሚገኘው እዚያው ፊላ ሥር ነው፣ የዕለት እንጀራቸውም እሱ ነው። ለጠፋው ዓሣ የምንሰጣቸው ምትክ የለንም። አሁን ያለው ስምምነት ከፊል ነው። መረብ የገባች ወፍ በሕይወት ከተገኘች ተፈትታ እንድትለቀቅ፣ ከሞተችም እንድንጠራ ግን ሁሉም ቃል ገብተዋል።

ለሌላ ሐይቅ የሚያገለግለው

ከዚህ ጉዳይ ሌላ ቦታ ሊወሰድ የሚችለው ዋናው ነገር የሥራው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ መግለጫ፣ ከዚያ መጽሐፍ፣ ስም በመጨረሻ። ይህን ለማድረግ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ደብተር፣ እርሳስ፣ አንድ ባይኖኩላርና ሳይነጋገሩ የመጻፍ ትዕግሥት ይበቃል። ብዙ ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ ተለያይቶ መጻፉ በተለይ ይጠቅማል፤ ቀድሞ የተናገረ ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው የሌሎቹን ዓይን ይመራልና። መምህሩም ከዚህ ደንብ ውጭ አይደለም።

«ያልታየ» የሚለው ርእስ ከደብተሩ መቅረት የለበትም። ጅራቷን አላየሁም ያለችው ልጅ ባትጽፈው ኖሮ በኋላ የመጣውን ክርክር መፍታት አይቻልም ነበር። ሰዓቱና የወፏ ድርጊትም እንዲሁ፤ አንድ ወፍ ስትተኛና ስትሠራ ሁለት የተለያየ ወፍ ልትመስል ትችላለች።

መተግበሪያዎችን አልነቅፍም፤ ጥርት ላለ ፎቶ ጥሩ ረዳት ናቸው። በድምፅ የሚለዩትም ለዘማሪ ወፎች ያገለግላሉ፤ ለዚህች ዳክዬ ግን አልረዱም፣ ከርባታ ውጭ ድምፅ የላትም ማለት ይቻላልና። ተማሪ የመተግበሪያውን መልስ ደብተሩ ላይ ሲገለብጥ ግን ያየው እሱ ነው ወይስ ስልኩ የሚለው ይጠፋል። መልሱ ከእርሱ መግለጫ በኋላ፣ በሌላ መስመር፣ ምንጩ ተጠቅሶ ቢጻፍ ጉዳት የለውም።

ከፖቻርዱ ይልቅ ብርቁን ስም የመምረጥ ፈተናም አለ። ልጆች ብርቅ ነገር ማግኘት ይወዳሉ፤ ትልልቆችም እንዲሁ ነን። መከላከያው የተለመደውን ዝርያ በቅድሚያ ለማስወገድ የሚያስችል አንድ ግልጽ ምልክት መምረጥና ያ ምልክት እስኪታይ ድረስ መዝገቡን «ያልተለየ» ብሎ መተው ነው። እኛ የመረጥነው ምልክት ክንፉ ነበር፤ በሌላ ወፍ ላይ እግር ወይም የዓይን ቀለም ሊሆን ይችላል። ክበቡ አሁን «ያልተለየ ዳክዬ» የሚል ዓምድ በመደበኛነት ይሞላል፤ ይህ ዓምድ ባዶ የሆነበትን ደብተር እኔ በጥርጣሬ ነው የማየው።

ያልተመለሰው ጥያቄ

ዳክዬዋ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ በዚያው ዳርቻ ትታይ ነበር። መንገደኛ ትሁን ወይም ሐይቁ ላይ የምትኖር አልታወቀም። ማኮዋ የምትራባው ውሃ ውስጥ በበቀለ ፊላና ደንገል መካከል አገዳዎቹን አጎንብሳ በምትሠራው ጎጆ ነው፤ ባቦጋያ ላይ ለዚህ የሚሆን ስፍራ አለ፣ ግን የሎጆች ግንብና መዝናኛ እየተስፋፋ በሄደ መጠን እየጠበበ ነው። ለመራባቷ አስተማማኝ ማስረጃ የሚሆነው ጫጩቶች አስከትላ የምትዋኝ ዳክዬ መታየቷ ነው፤ ሰማያዊ ምንቃር ያለው ወንዴ ከሴቴ ጋር መታየቱ ደግሞ ፍንጭ ይሆናል። ወንዴው በቀለሙ በቀላሉ ስለሚለይ ሥዕሉ በካርቶን ላይ ተሥሎ ጀልባዎቹ በሚቆሙበት ቦታ ተለጥፏል። ከሥሩ ቀን፣ ሰዓት፣ የሐይቁ ጎንና የወፎቹ ብዛት የሚጻፍበት ሠንጠረዥ አለ፤ መጻፍ ለማይመቻቸው ዓሣ አጥማጆች ተማሪዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እየጠየቁ ይሞሉላቸዋል።